ሳቁ በማን ላይ እንደሆነ ሳይታወቅ ሲቀር

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ማኅበራዊ ሚዲያን የሚተች ኮሜዲ ወጥቶ ቁጣ ሲቀሰቅስ፣ የመዝናኛ ዓምዶች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃሉ። ኮሜዲያኑ ወሰን አልፏል ወይ? ተመልካቹስ ቀልድ አይገባውም ወይ? ሁለቱም ጥያቄዎች ጥፋተኛ ይፈልጋሉ እንጂ የሆነውን አያስረዱም። ተመልካቹ ቀልድ ይገባዋል፤ በቤቱም በሥራ ቦታውም ሲያሾፍና ሲሾፍበት የሚውል ሰው ነው። ኮሜዲያኑም በአብዛኛው ምን ለማለት እንደፈለገ ያውቃል። ነገሩ የሚበላሸው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው፤ የሚበላሽበትም መንገድ ተለይቶ ይታወቃል። የኮሜዲ ጽሑፍ የምንጽፍና የምናርም ሰዎች ዘወትር የሚያጋጥመን ጉዳይ ስለሆነ፣ በዝርዝር ብናስቀምጠው ለአንባቢም ለዘጋቢም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

አንድ የ90 ሰከንድ አጭር ኮሜዲ አለ እንበል። አንድ ወጣት ስልኩን ማቆሚያ ላይ አስቀምጦ መንገድ ዳር ለተቀመጡ አዛውንት ገንዘብ ይሰጣል። ሙዚቃው ሆድ ያባባል፣ አዛውንቱ ያለቅሳሉ። እስከ 40ኛው ሰከንድ ድረስ ቪዲዮው በየቀኑ ከምናያቸው የልግስና ቪዲዮዎች በምንም አይለይም። በ55ኛው ሰከንድ ላይ ወጣቱ ወደ ካሜራው ዞሮ፣ “እንባው ዘግይቷል፤ ገንዘቡን ይመልሱልኝና ከመጀመሪያው እንሥራው” ይላል። በ80ኛው ላይ አዛውንቱ እንባቸውን ጠርገው፣ “በግራ ጎኔ ቅረጸኝ፤ ያኛው ልጅ በቀኝ ቀርጾኝ ሰው አላየለትም” ብለው ይመክሩታል። ቀልዱ እዚህ ላይ ነው። ሰጪውም ተቀባዩም አንድ ገበያ ውስጥ ናቸው፤ የገበያው ዋጋም እንባ ነው።

ይህ ሥራ ሲለቀቅ ምን ይሆናል? አንዱ የመጀመሪያዎቹን 40 ሰከንዶች ቆርጦ “እንዲህ ያሉ ልጆች ይብዙልን” ብሎ ያጋራዋል፤ ከሥሩም ምርቃት ይዘንባል። ሌላው ከ55ኛው እስከ 65ኛው ሰከንድ ያለውን ብቻ ወስዶ “ለድሃ የሰጠውን ገንዘብ መልሶ የቀማ” ብሎ ይለቀዋል፤ እዚያ ደግሞ እርግማን ይወርዳል። ሙሉውን ያዩትም በአንድ ሐሳብ አይስማሙም። ግማሹ “ድሃን መሳቂያ አደረጉ” ይላል፤ ግማሹ “የዘንድሮ ወጣት እንዲህ ነው” ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። የልግስና ቪዲዮ የሚያሻሽጠውን ገበያ ያየ ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ችግር ከቦታው ይመጣል። ቲያትር ቤት የገባ ሰው ትኬት ቆርጧል፣ መብራት ጠፍቶበታል፣ መጋረጃ ተከፍቶለታል። ተዋናዩ አንድ ቃል ሳይናገር ተመልካቹ የሚያየው ነገር ድርሰት መሆኑ ተነግሮታል። ስልክ ላይ ግን የሞት ዜና፣ ማስታወቂያ፣ የዘመድ ሠርግና አጭር ኮሜዲ በአንድ መስኮት፣ በአንድ መጠን፣ በአንድ አውራ ጣት ግፊት ይፈራረቃሉ። በሐኪም ላይ የሚያሾፍ ኮሜዲ ቢያንስ ሆስፒታል ውስጥ አይታይም። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚያሾፍ ኮሜዲ ግን የሚታየው በዚያው በሚተቸው ነገር ቤት ውስጥ ነው፤ ለብሶ የሚመጣውም የዚያኑ ቤት ልብስ ነው። ሪንግ ላይቱ (ክቡ የቀረጻ መብራት)፣ በቁም የተቀረጸው ምስል፣ ቶሎ ቶሎ የሚቆረጠው ንግግር፣ ቀይ ቀስት ያለበት ተምኔል (የቪዲዮው የፊት ሽፋን ምስል)፣ “እስከ መጨረሻው እዩት” የሚለው ልመና ሁሉ ለቀልዱ የግድ ያስፈልጋሉ። ካልመሰለ አያስቅም። ከመሰለ ደግሞ ይታመናል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1982 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ፣ የኮምፒዩተር ሰዎች በሚጻጻፉበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ፣ ስለ ሊፍትና ስለ ሜርኩሪ ጠብታ ከተነሣ የፊዚክስ እንቆቅልሽ ተነሥቶ አንዱ “ሊፍቱ በሜርኩሪ ተበክሏል” የሚል የቀልድ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። አንዳንዶች እውነት መሰላቸው። ሴፕቴምበር 19 ቀን ስኮት ፋልማን የተባሉት ምሁር፣ ቀልድ የሆነው ጽሑፍ ሁሉ በሁለት ነጥብ፣ በሰረዝና በቅንፍ የተሠራ የተጋደመ ፈገግታ ይደረግበት ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ዛሬ በየስልኩ ላይ የሚስቀው የኢሞጂ ፊት ዘሩ ከዚያ ይመዘዛል። የተፈለሰፈው ለጌጥ ሳይሆን ስለተሳሳተ ንባብ ነበር። በ2005 ደግሞ ናታን ፖ የተባለ ጸሐፊ፣ ግልጽ የቀልድ ምልክት ከሌለ በስተቀር በአክራሪ አቋም ላይ የተጻፈ ማሾፊያን እንደ እውነተኛ አቋም የሚወስድ ሰው አይጠፋም ብሎ ጻፈ፤ አባባሉም “የፖ ሕግ” እየተባለ ይጠራል።

በዚያው በ2005 በጆርናል ኦቭ ፐርሰናሊቲ ኤንድ ሶሻል ሳይኮሎጂ የታተመ ጥናት ነገሩን በቁጥር አሳይቷል። ተሳታፊዎች የምራቸውን የሆኑና የሽሙጥ የሆኑ ዓረፍተ ነገሮችን ለሌላ ሰው ላኩ፤ ገሚሱ በኢሜይል፣ ገሚሱ በድምፅ። ላኪዎቹ በሁለቱም መንገድ ተቀባዩ 78 በመቶ ያህሉን በትክክል ይለያል ብለው ገምተው ነበር። በድምፅ የተላከው 73 በመቶ ደረሰ፤ በጽሑፍ የተላከው ግን 56 በመቶ ብቻ ነበር። ሁለት ምርጫ ባለበት ጥያቄ ላይ ሳንቲም ቢወረወር 50 በመቶ እንደሚገኝ ልብ ይበሉ። ለኮሜዲ ሰው ከዚህ ውስጥ የሚያስደነግጠው የላኪው መተማመን ነው። የጻፈው ሰው ሲያነበው የራሱን ድምፅ ይሰማል፤ ሽሙጡ በጆሮው ውስጥ ያቃጭላል። አንባቢው የሚደርሰው ፊደሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው “ይኼማ ግልጽ ነው” የሚልበት መስመር ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚፈተሽ መስመር መሆን አለበት።

ሁለተኛው ችግር መቀስ ነው። ፌስቡክ ለዓመታት አንድን ቪዲዮ “ታየ” ብሎ ይቆጥር የነበረው 3 ሰከንድ ሲታይ ነው። ኮሜዲ ደግሞ በተፈጥሮው መጀመሪያ አንድ ነገር እውነት አስመስሎ ያስቀምጣል፣ በኋላ ያንኑ ይገለብጣል። ግልበጣው 55ኛው ሰከንድ ላይ ከሆነ፣ ቪዲዮውን “ካዩት” ሰዎች ብዙዎቹ ቀልዱ ሳይጀመር አልፈዋል ማለት ነው። ያዩትም ነገር ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር እንጂ። በዚህ ላይ ቀልድ መሆኑን የሚያሳዩት ምልክቶች ይረግፋሉ። “ኮሜዲ” የሚለው ካፕሽን (ከቪዲዮው ጋር የሚጻፈው መግለጫ) ቪዲዮው ዳውንሎድ ተደርጎ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ አብሮ አይሄድም። ሃሽታጉም፣ ከላይ ፒን የተደረገው ኮሜንትም፣ የገጹ ስምም እንዲሁ። በአግድም የተቀረጸ 16 በ9 ምስል ቁመቱን ሳይለቅ ወደ 9 በ16 ቁም ምስል ሲቆረጥ፣ ከስፋቱ የሚተርፈው ከ32 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ በጠርዝ ላይ የቆመው ሁለተኛው ካሜራ፣ በስተቀኝ የተሰቀለው “ቀረጻ 14” የሚል ወረቀት፣ ጥግ ላይ ያዛጋው ረዳት በሙሉ ከምስሉ ይወጣሉ። ብዙ ጊዜ ቀልዱ የነበረው እዚያ ነው። በቁም የተቀረጸውም ቢሆን የታችኛው ክፍል በካፕሽን፣ የቀኝ ጠርዙ በላይክና በሼር ምልክቶች ይሸፈናል።

ሦስተኛው ነገር የሚሠራው ከጀርባ ነው፤ ባጭሩ እናልፈዋለን። ፌስቡክ ከ2017 ጀምሮ የኢሞጂ ምላሾችን ከላይክ አምስት እጥፍ ይመዝን እንደነበር በ2021 የወጡት የኩባንያው ውስጣዊ ሰነዶች አሳይተዋል፤ የቁጣው ፊት ክብደት ወደ ዜሮ የወረደው በ2020 ነው። በእነዚያ ዓመታት በስህተት የተቆጣ ተመልካች፣ ገብቶት በላይክ ካለፈው ይልቅ ቪዲዮውን ወደ ሌላ ሰው ያደርስ ነበር። ዛሬም ቢሆን ረጅም ኮሜንት የሚጽፈው፣ የሚከራከረው፣ ደግሞ የሚያየው የተቆጣው ሰው ነው።

እስካሁን ያልነው ቀልዱን እውነት ነው ብሎ ስለማመን ነው። ከዚህ የሚብሰው፣ ቀልድ መሆኑን እያወቁ የሚሾፍበትን ሰው ማድነቅ ነው። በ1971 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የመጣው አርቺ በንከር የተባለ ገጸ ባህሪ በዘረኛ አስተሳሰብ ላይ ለማሾፍ የተጻፈ ነበር። በ1974 ኒል ቪድማርና ሚልተን ሮኪች ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ጭፍን ጥላቻ የበዛባቸው ተመልካቾች አርቺን ከሌሎቹ ይልቅ ያደንቁት ነበር፤ ሳቃቸው ከእርሱ ጋር ነበር። በ2009 ደግሞ ስቲቨን ኮልበር ስለሚጫወተው የወግ አጥባቂ ተንታኝ ገጸ ባህሪ 332 ሰዎችን የጠየቀ ጥናት ወጣ። ለዘብተኞቹም ወግ አጥባቂዎቹም እኩል ያስቀን ነበር ብለዋል። ነገር ግን ወግ አጥባቂዎቹ “የሚቀልድ ይመስላል እንጂ የልቡን ነው የሚናገረው” ወደሚለው ያዘነብሉ ነበር። ሳቁ እኩል ሆኖ ትርጉሙ ተቃራኒ ነበር። “ሰው ስቋል፣ ስለዚህ ገብቶታል” የሚል አዘጋጅ ይህን ጥናት ቢያስታውስ ይበጀዋል።

በማኅበራዊ ሚዲያ ኮሜዲ ውስጥ ይህ የሚሆነው እንዴት ነው? በአብዛኛው በአጻጻፍ። ውሸታሙ ኢንፍሉዌንሰር (ብዙ ተከታይ ያለው የማኅበራዊ ሚዲያ ሰው) ምርጥ መስመሮቹን ሁሉ ይወስዳል፤ አብረውት ያሉት ሰዎች አፍ ከፍተው ያዳምጡታል። ያምራል፣ ልብሱ ያምራል፣ ቤቱ ያምራል። በመጨረሻ የተከታዮቹ ቁጥር ሲጨምር ይታያል፣ ሙዚቃው ይደምቃል፣ ያበቃል። ጸሐፊው “የውሸት ሽልማት ነው” ለማለት ፈልጎ ይሆናል፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ግን ሽልማት ነው። በየቪዲዮው ደጋግሞ የሚላት አረፍተ ነገር ካለች ደግሞ በሳምንቱ ሰዎች ለራሳቸው ቪዲዮ በምራቸው ይጠቀሙባታል። መድኃኒቱ ስብከት መጨመር አይደለም፤ ስብከት ቀልዱን ይገድለዋል፣ ተመልካቹም ይሄዳል። ሹሉን መስመር ከኢንፍሉዌንሰሩ ወስዶ ለካሜራ ያዡ መስጠት፣ ወይም ለእህቱ፣ ወይም ሻይ ለምታቀርበው ሴት መስጠት ነው። የሚከፈለው ዋጋም በስክሪን ላይ ይታይ፤ ቁጥሩ የሚጨምር ከሆነ፣ ቁጥሩ በጨመረበት በዚያው ምስል ውስጥ የቀዘቀዘው ምግብ፣ የተዘጋው ስልክ፣ ጥሎት የሄደው ሰው ይኑር። በሌላ ምስል ከሆነ ይቆረጣል።

ወደ አዛውንቱና ወደ ወጣቱ እንመለስ፤ ከሁሉ የሚከብደው የተሳሳተ ንባብ እዚያ ነው ያለው። ሙሉውን አይቶ፣ ድርሰት መሆኑን አውቆ፣ ወጣቱንም ሳያደንቅ፣ “የዘንድሮ ወጣት እንዲህ ነው” ብሎ የሚደመድመው ሰው ምን ነካው? የተሳለቅንበትን ነገር ስላላየው ነው። ሰውን የሚያስለቅሰውን ቪዲዮ ከፍ የሚያደርገው አሠራር፣ ቁጥር እየቆጠረ የሚከፍለው ኩባንያ፣ ዛሬ ካልለጠፍክ ነገ ትረሳለህ የሚለው ጫና ፊት የላቸውም። ካሜራ አይቀርጻቸውም። ፊት ያለው ተዋናዩ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ እርሱ ይሸከማል። ተዋናይዋ ወጣት ሴት ከሆነች ኮሜንቱ ስለ ሴቶች ይሆናል። ገጠሬ ከሆነ ስለ ገጠሬ፣ ድሃ ከሆነ ስለ ድሃ። ተመልካቹ ከቤቱ ይዞት የመጣው ንቀት ካለ፣ ባዶ የተተወው የዒላማ ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል።

ይህን በጽሑፍ ደረጃ መከላከል ይቻላል፤ እኛ የምንጠቀምባቸውም ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ፊት የሌለውን ጫና በሚታይ ዕቃ ማሳየት ነው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር የገጸ ባህሪው ፊት ይለወጥ፤ ቁጥሩ በስክሪኑ መካከል በትልቁ ይታይ፤ ሲያለቅስ ቁጥሩ ወጣ፣ እውነቱን ሲናገር ወረደ። ተመልካቹ ሁለት ጊዜ ካየ በኋላ ሦስተኛውን ራሱ ይጠብቃል፤ በዚያ ጊዜ የሚስቀው በቁጥሩ ላይ ነው። ሁለተኛው ማጠፍ ነው። ያንኑ ድርጊት በዕድሜም በኑሮም ፍጹም የማይመሳሰል ሰው ይድገመው። ወጣቷ ለፎቶ ብላ ምግቧን ካቀዘቀዘች፣ የተከበሩት የቢሮ ኃላፊም የስብሰባውን ፎቶ ለመለጠፍ ስብሰባውን ያስቁሙ። ከዚያ በኋላ “የወጣት ጠባይ ነው” ለማለት አይመችም። አርታኢ በረቂቁ ላይ ማድረግ ያለበት ፈተናም ከዚሁ ይወጣል፤ ገጸ ባህሪውን በሐሳብ ወደ ባለጸጋ ጎልማሳ ወንድ ይቀይርና ቀልዱ ቆሞ እንደሆነ ይይ። ከወደቀ፣ ቀልዱ መጀመሪያውኑ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ አልነበረም፤ ስለዚያች ልጅ ነበር። እዚህ ላይ ተመልካቹ አላጣመመም፤ ቅሬታው ትክክል ነው፣ ኮሜዲያኑም ሊሰማው ይገባል።

“ቀልድ መሆኑን የሚናገር ምልክት ማድረግ ቀልድ ይገድላል” የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉን። ጠንካራ መከራከሪያም አላቸው። በ2016 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት አንድ ሰው የከተማውን ፖሊስ የሚያስመስል የቀልድ የፌስቡክ ገጽ ከፍቶ ታሠረ፤ በኋላ ዳኞች ነፃ አወጡት፣ እርሱም ፖሊሶቹን ከሰሰ። በ2022 ጉዳዩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ኦኒየን የተባለው የስላቅ ጋዜጣ ደግፎት ጽሑፍ አስገባ፤ አስመስሎ መቀለድ የሚሠራው አንባቢውን ለአፍታ በማሳመን ስለሆነ፣ አስቀድሞ “ይህ ቀልድ ነው” በል ብሎ ማስገደድ ጥበቡን ያጠፋዋል ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ2023 ጉዳዩን አላይም አለ። በሕግ ረገድ ከኦኒየን ጋር ነን፤ ሰውን ለቀልድ ማሠር ነውር ነው። በሙያ ረገድ ግን ክርክሩ ግማሽ መንገድ ብቻ ይወስደናል። ጋዜጣ ስሙ ከየገጹ ራስ ላይ ታትሞ ይወጣል፤ አንባቢው ለአፍታ ቢታለል ቀና ብሎ ያየዋል። ተቆርጦ የሚዞር ቪዲዮ ቀና ተብሎ የሚታይ ራስ የለውም። ኦኒየን ራሱ በ2012 የሰሜን ኮሪያውን መሪ ኪም ጆንግ ኡንን በዓለም ካሉት ወንዶች ሁሉ ማራኪው ብሎ ሲሰይም፣ የቻይናው ፒፕልስ ዴይሊ በድረ ገጹ ከ55 ፎቶዎች ጋር እንደ ዜና አወጣው። ስሙን ያነበበ አልነበረም።

ደግሞ ምልክትን በተቃራኒው መጠቀም አለ። በኖቬምበር 2022 ትዊተር የማረጋገጫውን ሰማያዊ ምልክት በ8 ዶላር መሸጥ ሲጀምር፣ አንድ ሰው ኢንሱሊን የተባለውን የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚሠራውን ኩባንያ የኢላይ ሊሊን ስም ይዞ “ኢንሱሊን በነፃ ሆኗል” ብሎ ጻፈ። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ማስተባበል ነበረበት። ብዙዎች ምርጥ ስላቅ ነው ብለው አጨብጭበዋል፤ የመድኃኒት ዋጋን መተቸቱም ልክ ነበር። ነገር ግን በጽሑፉ ውስጥ የሚገለብጠው ነገር አልነበረም፤ አንድ ዓረፍተ ነገርና አንድ የማረጋገጫ ምልክት ብቻ ነበር። የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ ያነበበውን ሰው “ቀልድ አይገባህም” ማለት ጭካኔ ነው።

ስለዚህ ምልክቱ ከውጭ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ መሆን የለበትም፤ ከቀልዱ ሥጋ ተቆርጦ የማይወጣ መሆን አለበት። በተግባር እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ውስጥ፣ በምስሉ መካከል፣ አንድ የማይሆን ነገር ይግባ። በአዛውንቱ ቪዲዮ ላይ ቢሆን፣ ገንዘቡ ላይ ትንሽ የልብስ ማይክ ተሰክቶ ይታይ። አያስቅም ይሆናል፤ ሥራው ማሳቅ አይደለም፣ ዓይንን ማንቃት ነው። ከዚያ በኋላ በየ10 ሰከንዱ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ይመለስ፤ ሰው የሚቆርጠው ቁራጭ በአብዛኛው ከዚያ አያጥርምና። አንዱ በዓይን ከታየ ሌላው በጆሮ ይሰማ፤ ድምፅ አጥፍቶ የሚያይ አለ፣ ድምፁን ብቻ ወስዶ በሌላ ምስል ላይ የሚጭንም አለ። ስክሪንሾት ለሚመስል ቀልድ ደግሞ አንቀጹ ውስጥ ራሱ የማይሆን ነገር ይኑር፤ ቀኑ የካቲት 31 ይሁን፣ ሰዓቱ 25፡70 ይሁን። የእውነተኛ ሰው ስምና ፎቶ ግን አይግባ።

በምክር ቪዲዮዎች ላይ የሚያሾፍ ኮሜዲ ለብቻው ጥንቃቄ ይሻል። ሞኝ የሆነ ምክር አይበቃም፤ ሞኝ ምክር የሚሞክር ሰው ሁልጊዜ አለ። ምክሩ ሊሞከር የማይችል መሆን አለበት። “ለቆዳ ጥራት ይህን ቀብተህ እደር” የሚል ቀልድ አንድ ቦታ አንድ ሰው ፊቱን ያቃጥላል፤ “በቀን 26 ሰዓት ተኛ” የሚል ግን ማንንም አይጎዳም። በሽልማት ማጭበርበር ላይ የሚቀልድ ቪዲዮም የሚሠራ ስልክ ቁጥር፣ የሚከፈት ሊንክ፣ እውነተኛ የባንክ ስም አያሳይ። ሰዎች ይደውላሉ። ቁጥሩ የሰው ቁጥር ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ምንም የማያውቅ ሰው ለወራት ሲረበሽ ይከርማል። ቁጥር ካስፈለገ ከፊሉ ተሸፍኖ ይታይ።

ከመልቀቅ በፊት የሚደረገው ሙከራ ቀላል ነው፣ የሚዘለለውም ለዚህ ነው። ሥራውን ያልሰሙ፣ ኮሜዲያኑንም የማያውቁ ከአምስት እስከ ስምንት ሰዎች ይበቃሉ፤ ዕድሜያቸው ይለያይ። ሙሉውን አታሳዩአቸው። ለአንዱ ከመካከል 15 ሰከንድ፣ ለሌላው ያለ ድምፅ፣ ለሌላው የመጀመሪያውን ሩብ፣ ለሌላው አንድ ስክሪንሾት፣ ርዕስና ካፕሽን ሳይኖር። “አሳቀህ ወይ?” ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ሰው ለትሕትና ሲል አዎ ይላል። “ምን ሲሆን አየህ? የሚሳቅበት ማን ነው? ይህን ለማን ትልክለታለህ፣ ምን ብለህ?” ተብሎ በዚህ ቅደም ተከተል ይጠየቅ። ሦስተኛው ጥያቄ ካፕሽኑን ይነግራችኋል፤ ቪዲዮው ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ የሚሸከመውን ካፕሽን። ከስምንቱ ሁለቱ እንኳ የተሳሳተውን ሰው ከጠቆሙ ወደ ጽሑፉ መመለስ ይሻላል። ኤዲቲንግ አያድነውም።

አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንችልም። “ቀልዴን ነው” የሚለው ቃል መደበቂያ ሆኗል። ሰውን በስሙ ሰድቦ፣ ወይም ሐሰት ነዝቶ፣ ቁጣው ሲመጣ “ኮሜዲ ነው፣ አልገባችሁም” የሚል በዝቷል። ይህ ለእውነተኛው ኮሜዲ መርዝ ነው፤ ተመልካቹ በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛ ቀልድ ሲያይ እንዳያምን ያደርገዋል። መለያው አስቸጋሪ አይደለም። ሥራው ከቁጣው በፊት በነበረበት መልኩ ይታይና፣ ውስጡ የተጻፈ ግልበጣ፣ የሚጫወት ገጸ ባህሪ፣ የተጋነነ ነገር አለ ወይ ይባል። ከሌለ፣ በኋላ የመጣው “ቀልድ ነው” ማብራሪያ ሳይሆን ማምለጫ ነው።

ከዝግጅት ክፍላችሁ የምንለምነውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። “ተመልካቾችን አስቆጣ” የሚል ዜና ከመጻፉ በፊት ዘጋቢው ሙሉውን ሥራ መጀመሪያ በተለቀቀበት የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ ያግኘው፤ የተለቀቀበትን ቀንና ርዝመቱን ይመዝግብ፤ ከዚያ የዞረው ቁራጭ ከስንተኛው እስከ ስንተኛው ሰከንድ እንደሆነ ይለይ። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። በዜናውም ውስጥ “ከ90 ሰከንዱ የተሰራጨው 10 ሰከንድ ነው” ተብሎ ይጻፍ፤ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከስንት ትንታኔ ይሻላል። ኮሜዲያኑን ሲያነጋግር “ይቅርታ ትጠይቃለህ?” ከማለት በፊት “የሳቅከው በማን ላይ ነው? በየትኛው ሰከንድ ላይ ይታያል?” ይበለው። ማሳየት ካልቻለ፣ ለአንባቢ የሚነገር ዜና ተገኘ። ከዜናው ጋር የሚወጣው ፎቶም ከመካከል የተነጠቀ ስክሪንሾት አይሁን፤ ያ ፎቶ ራሱ ሌላ ቁራጭ ሆኖ ይዞራል።

ይህ ልመና ከአቅም በላይ አይደለም። ትዊተር በ2020 አንድን ጽሑፍ ሳይከፍት ሊያጋራ ለተነሣ ሰው “መጀመሪያ አንብበው” የሚል ማሳሰቢያ ሲያሳይ፣ ጽሑፉን የሚከፍቱት በ40 በመቶ እንደጨመሩ ኩባንያው ገልጿል። በአንድ መስመር ጥያቄ ይህን ያህል ከተገኘ፣ ጋዜጣ በዓምዱ ላይ ሙሉውን ሥራ የሚያገናኝ ሊንክና ርዝመቱን ቢጽፍ አንባቢው ይከፍተዋል ብለን እናስባለን። አጭር ኮሜዲን እውነተኛ ክስተት አድርጎ የዘገበ ጋዜጣ ሲሳሳትም፣ ማረሚያው በመጨረሻው ገጽ ጥግ ሳይሆን ዜናው በወጣበት በዚያው ዓምድ፣ በድረ ገጽም ከሆነ በዚያው ሊንክ ላይ፣ ከርዕሱ ሥር ይውጣልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮሜዲ ጽሑፍ ጸሐፊዎችና አርታኢዎች